ትኬቱ ርካሽ ነው፤ ጊዜ ላለው

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ ሰነበተች። አንድ ማታ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና "እኔ ይሄን ሳላይ አልመለስም" አለች። ኒው ዮርክ፣ ብሮድዌይ ላይ የወጣ አዲስ ሙዚካል፣ በዘፈን የሚተረክ ቴአትር ነው። ዘፈኖቹን ከዩቲዩብ ለቃቅማ በቃሏ ይዛቸዋለች። እኔ ስሙንም አልሰማሁም ነበር።

"ትኬቱ ስንት ይላል?"

"አንዱ 318 ዶላር።" ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። "ለሁለት ሰዓት ተኩል ዘፈን?"

ተቀብያት አየሁት። ገጹ ያምራል። የቴአትር ቤቱ ፎቶ አለ፤ የሙዚካሉ ስም በትልቁ ተጽፏል። ወደ ታች ሲወረድ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ዋጋው ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ሊበልጥ እንደሚችል ይናገራል። አየር በአየር ነው። የቴአትር ቤቱን የራሱን ገጽ ፈልጌ ስከፍት፣ ለዚያው ምሽት፣ ሁለት ረድፍ ብቻ ኋላ ያለው ወንበር 159 ዶላር ነበር። ይህን ያወቅኩት ብልጥ ስለሆንኩ አይደለም። ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ገጽ ተበልቻለሁ። በእጥፍ ገዝቼ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በስንት እንደገዛ ሲነግረኝ፣ እስከ እረፍቱ ድረስ ምን እንደተዘፈነ አላስታውስም።

የልጅቷ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ከተወደደስ በ10 ዶላርና በ40 ዶላር ገብተን አየን የሚሉት ከየት አምጥተውት ነው? ሁለቱም እውነት ነው። በአንድ ምሽት፣ በአንድ አዳራሽ፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን አሥር እጥፍ ከፍሎ ሊሆን ይችላል።

ብሮድዌይ ስንል የምናወራው ስለ 41 ቴአትር ቤቶች ነው። አብዛኞቹ ታይምስ ስኩዌር ዙሪያ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። አንድ ሥራ በሳምንት ስምንት ጊዜ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ተዋናዮቹም አይችሉትም። ፊልም ቢሆን ተመልካች ሲበዛ አዳራሽ ይጨመራል። ቴአትር እንደዚያ አይደለም። "ሃሚልተን" የተባለው ታዋቂ ሙዚካል የሚታይበት ሪቻርድ ሮጀርስ ቴአትር ከ1,300 ጥቂት ከፍ ያለ ወንበር ነው ያለው። ዓለም ሁሉ ቢሰለፍም ያው 1,300 ነው።

ድሮ ይህ ጥበት የሚያበላው ደላላውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 "ዘ ፕሮዲውሰርስ" የተባለው ሙዚካል ሲወጣ ከሁሉ የተወደደው ትኬት 100 ዶላር ነበር። በር ላይ ግን በብዙ እጥፍ ይቸበቸባል። ይህን ያዩት ባለቤቶች በዚያው ዓመት ጥሩ ጥሩዎቹን ወንበሮች ለይተው 480 ዶላር አሏቸው። ደላላው ከሚበላው እኛው እንብላው ነው ነገሩ። ያኔ ጉድ ተባለ። በ2016 "ሃሚልተን" የተመረጡ ወንበሮቹን 849 ዶላር አስገባ። በ2025 ዴንዘል ዋሽንግተን እና ጄክ ጂለንሃል የተጫወቱበት "ኦቴሎ"፣ እኛ በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ የምናውቀው ኦቴሎ፣ የምድር ቤት ወንበሩ 921 ዶላር ደረሰ።

ዜና የሚሆነው እንዲህ ያለው ቁጥር ነው። መደበኛው ሌላ ነው። በ2024–25 የቴአትር ዘመን ብሮድዌይ 14.7 ሚሊዮን ትኬት ሸጦ 1.89 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል። ሲካፈል አንዱ ትኬት 129 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ለሁለት ሰው ከነአውቶቡሱና ከነምሳው ብታሰሉት፣ ይህም ቢሆን በሰዓት ደመወዝ ለሚኖር ሰው ቀልድ አይደለም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ይህ ሁሉ ተከፍሎም አዲሶቹ ሙዚካሎች መክሰራቸው ነው። አንድ ትልቅ ሙዚካል መድረክ ላይ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል። ከዚያ የተዋናይ፣ የኦርኬስትራ፣ የመብራት፣ የማስታወቂያና የአዳራሽ ኪራይ በየሳምንቱ ይቆጥራል። ኒው ዮርክ ታይምስ በሴፕቴምበር 2025 እንደቆጠረው፣ ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ከወጡት 46 አዳዲስ ሙዚካሎች ወጪያቸውን መልሰው ትርፍ ያዩት ሦስት ብቻ ናቸው። "ታሚ ፌይ" የተባለው በኖቬምበር 2024 ተከፍቶ ዲሴምበር ሳይጋመስ ተዘጋ።

ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ገበያ አለ። እዚህ ጋ በ900 ዶላር እየተጋፉ ይገባሉ። ሁለት በር አልፎ ያለው ቤት ግማሽ አዳራሹ ባዶ ነው። ባዶ ወንበር ደግሞ አይከማችም። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት፣ መጋረጃው ሲከፈት ያልተሸጠው ወንበር ዋጋው ዜሮ ነው። አትክልት ተራ ማታ የሄደ ሰው ይህን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ጠዋት ንክች የማትለው ባለቲማቲም ሊጨልም ሲል "በይ ውሰጂው" ትላለች። የብሮድዌይ ርካሽ ትኬት ሁሉ የዚህ ልጅ ነው። ልዩነቱ፣ ብሮድዌይ ጠዋት በውድ የገዙት ደንበኞቹ የማታውን ዋጋ እንዲያዩ አይፈልግም። ስለዚህ ርካሹን በር ጠባብ፣ ጠመዝማዛና አድካሚ አድርጎ ይሠራዋል። ድካሙ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። 318 ዶላር ያለው ሰው ጠዋት ተነስቶ እንዳይሰለፍ ነው የታሰበው።

ከርካሽ በሮቹ አንዱ ዕጣ ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከ"ሬንት" ነው። በ1996 ወደ ብሮድዌይ የገባው ይህ ሙዚካል ስለ ኪራይ መክፈል ያቃታቸው የኒው ዮርክ ወጣት አርቲስቶች ነው። ስለ ድሆች የተሠራን ሥራ ድሆቹ ማየት ካልቻሉ ያሳፍራል። ፕሮዲውሰሮቹ የፊት ሁለት ረድፎችን በ20 ዶላር፣ በዕለቱ ለመጣ ሰው አሉ። የፊት ረድፍ ነው እንጂ የኋላ አይደለም! ልጆቹ መጡ። ከሌሊት ጀምሮ መጡ። ብርድ ልብስ ይዘው አስፋልት ዳር ማደር ጀመሩ። አካባቢው ያኔ ለአዳር የሚመች አልነበረም፤ ስጋት ሆነ። ስለዚህ በ1997 ወረፋው ቀርቶ ዕጣ ሆነ። ስምህን ትጥላለህ፣ ይወጣል ወይም አይወጣም፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።

ከ"ሬንት" ፕሮዲውሰሮች አንዱ ጄፍሪ ሴለር ነበር። "ሃሚልተን"ን ያወጣውም እሱው ነው። በ2015 የፊት ረድፍ 21 ወንበሮች በ10 ዶላር በዕጣ ተመደቡ። አሥር ዶላር የሆነበት ምክንያት አለው፤ የአሥር ዶላሩ ኖት ላይ ያለው ፊት የአሌክሳንደር ሃሚልተን ነው። ሃሚልተንን ሰጥተህ "ሃሚልተን"ን ታያለህ። 46ኛው መንገድ ላይ በየቀኑ መቶዎች ይሰበሰቡ ጀመር። የሥራው ደራሲና ዋና ተዋናይ ሊን-ማኑኤል ሚራንዳና ጓደኞቹ ወደ በሩ ወጥተው፣ ለማይደርሳቸው ሰዎች አጭር ትርኢት ያሳዩ ነበር። ዕጣው ባይደርስህም ሳታይ አትመለስም። በኋላ ሕዝቡ መንገድ ሲዘጋ ዕጣው በጃንዋሪ 2016 ወደ ኢንተርኔት ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞከረና ድረ ገጹ ወደቀ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መንገድ ላይ ሲሆን ተፎካካሪህ እዚያ መቆም የቻለው ብቻ ነው። ሰባት መቶ ቢሆኑ ነው። ስልክ ላይ ሲሆን ከኦሃዮም ከለንደንም ይሞክራሉ። በሩ ለሁሉም ተከፈተ፤ ዕድሉ ግን ወደ ምንም ቀጠነ። ለእኔ ዕጣው ከዚያ ወዲህ ትኬት ማግኛ መሆኑ አብቅቷል። አሁን ማስታወቂያ ነው። "በ10 ዶላር መግባት ይቻላል" የሚለው ወሬ ሙዚካሉን ይሸጣል፤ የሕዝብ ወገን ያስመስለዋል። በ2016 ትኬቱ 849 ዶላር በገባበት በዚያው ሰሞን የዕጣው ወንበር ከ21 ወደ 46 ከፍ ብሏል። ሁለቱ ዜናዎች አብረው የወጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ይህን ብዬም ዕጣውን አትሞክሩ አልልም። የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ከደረሰ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልከፈላችሁ ያልፋችኋል።

የተሻለው መንገድ በዕለቱ ጠዋት የሚሸጠው ነው፤ እነሱ ራሽ ይሉታል። ቀድሞ የመጣ ይወስዳል። የትኬት መስኮቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት አራት ሰዓት ይከፈታል፤ ዋጋው ከ30 እስከ 50 ዶላር ባለው ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ይህንኑ ቱዴይቲክስ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ይለቁታል፤ ልክ በሰዓቱ ጣትን ማዘጋጀት ነው። ሙሉ በሙሉ ሲሸጥ ብቻ የሚለቀቅ የቁም ትኬትም አለ። ከምድር ቤቱ ጀርባ ቁጥር የተጻፈበት ቦታ ላይ ቆመህ ታያለህ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቆሞ ለሚያስቀድስ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ምንም አይደለም።

ሁሉም የሚያውቀው ግን ታይምስ ስኩዌር መሃል፣ ደፊ ስኩዌር ላይ ያለው ቲኬቲኤስ ነው። ቀዩ የመስታወት ደረጃ ሥር ያለው መስኮት ማለት ነው። ቱሪስቱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል፤ ወረፋው ከሥሩ ይጠማዘዛል። ከ1973 ጀምሮ አለ። የሚያንቀሳቅሰው ቲያትር ዴቨሎፕመንት ፈንድ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ሥራዎች ከነቅናሻቸው ይደረደራሉ፤ 30፣ 40፣ 50 በመቶ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንበብ ይቻላል። ሰሌዳው ላይ ስሙ የሌለ ሥራ ቅናሽ የማያስፈልገው ነው። በየቀኑ 50 በመቶ የተጻፈለት ደግሞ እየተጨነቀ ነው። የአዲስ ሙዚካል አድናቂ ከሆናችሁና የምትወዱት ሥራ እዚያ በየቀኑ ካለ፣ በርካሽ ልታዩት ነው፤ ግን ፍጠኑ፣ ሊዘጋም ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ ሁሉ በሮች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ጊዜ። ጠዋት አራት ሰዓት በር ላይ መገኘት፣ ከሰዓት ሰሌዳ ሥር መሰለፍ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኢሜይል ማየት፣ ማታ ምን እንደምታዩ ሳታውቁ መዋል። ለተማሪ ይሆናል። ማንሃተን ለሚኖር ከቤቱ ለሚሠራ ሰው ይሆናል። ለማን ነው የማይሆነው? ፈረቃው ለማይቀየርለት የፓርኪንግ ሠራተኛ። ልጇን ከትምህርት ቤት ለምታወጣ እናት። አራት ሰዓት ተኩል በአውቶቡስ ተጉዞ ለሚመጣ እንደ እኔ ያለ የሜሪላንድ ሰው። ርካሽ ትኬት ለድሃው ነው ይባላል እንጂ ድሃው ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያጥረው። የፕሮዲውሰሮችና የቴአትር ቤት ባለቤቶች ማኅበር የሆነው የብሮድዌይ ሊግ በ2022–23 ባጠናው መሠረት የተመልካቹ አማካይ የቤተሰብ ገቢ በዓመት ከ270 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ዕጣና ራሽ እያለም ቁጥሩ ይኸው ነው።

ለዚህ ነው ብዙ ሰው የማያውቀውን አንዱን መንገድ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው። የቲኬቲኤስ ባለቤት የሆነው ያው ድርጅት አባልነት ይሰጣል። በዓመት መጠነኛ ክፍያ ከፍላችሁ፣ ቀደም ብላችሁ ቀን መርጣችሁ፣ ከመደበኛው ዋጋ በጣም ባነሰ ትገዛላችሁ። የትኛው ወንበር እንደሚደርሳችሁ አትመርጡም፤ በጣም የተፈለገው ሥራም አይገኝም። አባል የሚሆነው መምህር፣ ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የማኅበር አባል የሆነ ሠራተኛ፣ የሃይማኖት አገልጋይ፣ እና በሰዓት የሚከፈለው ነው። ዝርዝሩን ስታዩት ከዋሽንግተን እስከ ብሮንክስ ያለውን ሐበሻ ግማሹን ይሸፍናል። ቄሶቻችንም ይገባሉ፤ መሄዳቸውን እንጃ።

አዲስ ሙዚካል ላይ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ፤ መቼ እንደሚኬድ ማወቅ። አንድ ሙዚካል በይፋ ከመመረቁ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ለሙከራ ይታያል። ተመልካች ከፍሎ ይገባል፤ ሥራው ግን ገና እየተቀየረ ነው። ዛሬ ያያችሁት ዘፈን ነገ ሊወጣ ይችላል። ሐያሲዎቹ ገና አልጻፉም። ዋጋው እዚህ ጋ ነው የሚረግበው፤ ምክንያቱም ማንም ጥሩ ይሁን መጥፎ አያውቅም። ቱሪስቱ ደግሞ ያልተመሰከረለትን አይገዛም።

"ሜይቢ ሃፒ ኤንዲንግ" ጥሩ ምሳሌ ነው። ሶል ከተማ ውስጥ ጡረታ ስለወጡ ሁለት ረዳት ሮቦቶች የሚያወራ ሙዚካል ነው። በ2024 መኸር ሲጀምር ማንም አያውቀውም። በሳምንት 300 ሺህ ዶላር እንኳ ያላስገባበት ጊዜ ነበር፤ ለብሮድዌይ ሙዚካል ይህ የሞት ምልክት ነው። ከዚያ ሐያሲዎቹ ወደዱት፣ ያየው ላላየው ነገረ፣ ገቢው ከሚሊዮን አለፈ። በጁን 2025 ምርጥ ሙዚካል የሚለውን ጨምሮ የብሮድዌይ ትልቁ ሽልማት ከሆነው ከቶኒ ስድስት ወሰደ። በኦክቶበር የገባ አድናቂ ያለ ግፊያ ገብቷል። በጁን ማግስት የፈለገ ደግሞ ካርዱን አውጥቶ ቆጠረ። ያው ሥራ፣ ያው አዳራሽ።

ታዲያ በየትኛው ሳምንት ልሂድ ለሚል፣ የብሮድዌይ ሊግ የእያንዳንዱን ሥራ ገቢና ስንት በመቶው ወንበር እንደተያዘ በየሳምንቱ ያወጣል። ለነጋዴ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው፤ ግን ማንም ሊያየው ይችላል። 70 በመቶ ብቻ የሞላ ሥራ ካያችሁ ቅናሽ አለ ማለት ነው፤ ፈልጉት። 101 በመቶ የሚለውን ደግሞ ተዉት፤ የቁም ትኬቱም ተሸጧል። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ብርድ ስለሆነ፣ ሴፕቴምበር ተማሪ ስለሚገባ ገበያው ይቀዘቅዛል። ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለውን ሳምንት ጠላቴም አይሂድበት።

ስለ አየር በአየሩ ትንሽ ልጨምር። በአንድ ጊዜ ብዙ ትኬት የሚያፍሱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ በዲሴምበር 2016 ወጥቷል። ሚራንዳም ለዚህ ጮኋል። ከሜይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ሻጭ ሁሉ የአገልግሎት ክፍያውን ጨምሮ ሙሉውን ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት አለበት። ጥሩ ነው። ግን ሙሉ ዋጋ ማሳየትና ትክክለኛ ዋጋ መጠየቅ ይለያያሉ። አትርፎ መሸጥ ኒው ዮርክ ውስጥ ከ2007 ወዲህ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ጉግል ላይ የመጀመሪያው ሆኖ የሚመጣውን አትክፈቱ። በቴአትር ቤቱ በር መስኮቱ ላይ ሄዶ መግዛት ደግሞ ኢንተርኔት የሚጨምረውን የአገልግሎት ክፍያ ያስቀራል። ለሁለት ትኬት የምሳ ዋጋ ይወጣዋል።

የአክስቴን ልጅ ነገር አልጨረስኩም። አራት ቀን ዕጣ ሞላች፤ አልደረሳትም። በአምስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈርን። ስንደርስ መስኮቱ ተከፍቶ የራሽ ወረፋው አልቋል። እሷ ፊቷ ተለዋወጠ። ዝም ብለን ጠየቅን። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችንና "ከጎን ሁለት አለኝ፤ የመድረኩ ግራ ክፍል አይታይም፤ 59" አለች። ወሰድናቸው።

በእርግጥም ግራው አይታይም። መድረኩ አንድ አራተኛው የለም። ከቀኝ በኩል ግን ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዋናዋ ተዋናይ እየሳቀች፣ እየዘፈነች ወጣች። ከብርሃኑ እንደወጣች ሳቁ ጠፋ። ጥቁር የለበሱ ሁለት ሴቶች ቀሚሷን ከኋላ ቀደው የሚያወልቁት በሚመስል ፍጥነት አወጡላት፣ ሌላ አለበሷት፣ አንዷ ውኃ በቀሰም አጠጣቻት፣ አንዷ ላቧን ጠረገች። እስከ ሃያ ቢቆጠር ነው። ከዚያ ሳቋን መልሳ ለብሳ ወደ ብርሃኑ ሮጠች። የአክስቴ ልጅ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። "አየኸው?" በመመለሻው አውቶቡስ ላይ እስከ ባልቲሞር ድረስ ስለ ዘፈኖቹ አንድም ነገር አልተናገረችም። ስለ ውኃዋ ነበር የምታወራው።

ለዕጣው ያስመዘገበችው የእኔን ኢሜይል ነው። እሷ አገሯ ከገባች ወራት አልፈዋል። እኔ ጋ ግን አሁንም፣ ዛሬ ጠዋትም፣ "ዕድልዎን ይሞክሩ" የሚል መጥቷል።